ግራ የሌለው ጆይስቲክ

ድምፁን የሰማሁት በምሳ ሰዓት፣ ጉርድ ሾላ ያለው ቢሯችን አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ቀጭን፣ ቆርቆሮ ቆርቆሮ የሚል፣ የርካሽ የእጅ ሰዓት ማንቂያ የመሰለ ዜማ። እጄ ላይ የአንድ ደንበኛ የጉምሩክ ሰነድ፣ አፌ ውስጥ ያላኘኩት ጉርሻ ነበር። ዜማው ሁለት ጊዜ ተመላልሶ በሦስተኛው ላይ ዝቅ ይላል፤ ዝቅ ከማለቱ በፊት ዝቅ እንደሚል አወቅኩ። ሃያ ምናምን ዓመት ያልሰማሁት ነገር ነው። የእናቴን ድምፅ እንኳ እንዲህ ቁልጭ አድርጌ አላስታውሰውም። ይህን የጌም ዜማ ግን አልረሳሁትም ነበር፤ ለምን እንደሆነ እንጃ።

የከፈተው ከኋላዬ የሚቀመጠው ናቲ ነው። ናቲ ኮምፒውተሮቻችንን የሚያስተካክል የሃያ አራት ዓመት ልጅ ነው። ሥራ ላይ ትልቅ ሰው ነው፣ ምሳ ሰዓት ሲደርስ ግን ሕፃን ይሆናል። እሱ ሳይወለድ የተሠሩ ጌሞችን ይሰበስባል። ኢሙሌተር የሚሉት ፕሮግራም አለው፤ ኮምፒውተሩ የድሮውን ቲቪ ጌም መስሎ እንዲሠራ የሚያደርግ ነው። ጥፍር በምታህል ዕቃ ውስጥ ስንትና ስንት ጌም አጭቆ ኪሱ ይዞ ይዞራል። የፈለገበት ቦታ ላይ ያቆመዋል፣ ሲሞት ደግሞ ወደ ኋላ መልሶ እንዳልሞተ ያደርገዋል። ታዲያ ካልሞትክበት ምኑ ነው ጨዋታው ብዬ ጠይቄው ነበር አንድ ቀን። ለእሱም ዋናው ዕቃ ሌላ እንደሆነ፣ የድሮውን ማሽን ከነጆይስቲኩ እያፈላለገ እንደሆነ፣ መርካቶም ሄዶ እንዳጣው ነገረኝ።

ዞር ስል ስክሪኑ ላይ ቀይ ቁምጣ የለበሰ ትንሽ ሰውዬ ሜዳ ላይ ቆሟል። ናቲ ጆይስቲኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ሳምቡሳውን አንስቷል። ማንም ሳይነካው ሰውዬው ፊቱን አዞረና ወደ ግራ መሄድ ጀመረ። ቀስ እያለ ሄደ፣ ሄደና ግራጫው ግንብ ሥር ደረሰ፣ እዚያም ግድግዳውን እየገፋ ቆመ።

«ድሪፍት ነው» አለ ናቲ አፉ እንደሞላ። «ሳትነኪው ራሱ ይሄዳል። አዲስ ጆይስቲክ እኮ ነው ራሒ፣ ሁለት ወር አልሞላውም።»

እኔ ስለ ጆይስቲኩ አላሰብኩም። የማየው ግንቡን ነበር። የአሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ እዚያ ግንብ ሥር ነበር የምኖረው ብል ብዙም አላጋነንኩም።

ጌም ቤቱ ገርጂ ነበር። ያኔ ሰፈራችን ኮንዶሚኒየም አልገባበትም፤ ክረምት ላይ ጭቃው ጫማ ያስወልቃል፣ በጋ ላይ አቧራው ልብስ ያስቀይራል። ጋሽ ቶሎሳ የግቢውን አጥር ከፍቶ ወደ መንገዱ የምታይ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ሠራ። በሩ ላይ ብርሃን እንዳይገባ አሮጌ ብርድ ልብስ ሰቀለ። ውስጥ ሁለት አግዳሚ፣ ጀርባው ያበጠ ቴሌቪዥን፣ ነጭ የነበረና በጊዜ ብዛት ቢጫ የሆነ ቲቪ ጌም፣ ከላዩ የሚሰካ ካሴት። ሽታው ለብየዳ የቀለጠ ሊድና የልጆች ካልሲ ነው። ዛሬም ሞባይል ጥገና ቤት ስገባ ያ የሊድ ሽታ ይመጣብኛል፣ ካልሲው ሳይኖር።

ጋሽ ቶሎሳ ከወለጋ የመጣ፣ ረጅም፣ ትከሻው ጎበጥ ያለ ሰው ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ሬዲዮና ቴፕ ሲጠግን ኖሮ፣ ሰው ቴፑን መጠገን ትቶ አዲስ መግዛት ሲጀምር ነው ወደ ጌም የዞረው። የቀኝ አውራ ጣቱን ጥፍር ሊድ የሚያቀልጥበት ካውያ አቃጥሎት ጠቁሯል። ጴንጤ ነበር፤ ሥራ ላይ እያለ ከአፉ የማይጠፋ መዝሙር አለው፣ ግን ቃሉ አይሰማም፣ የሚሰማው ማጉምጎሙ ብቻ ነው። የሰፈራችን እናቶች አብዛኞቹ የማርያም ማኅበርተኞች ስለሆኑ ሁለት ነገሩን ይፈሩት ነበር፤ ሃይማኖቱንና ጌሙን። የትኛው ልጆቻቸውን ቶሎ እንደሚወስድባቸው ግን መወሰን አልቻሉም። አንድም ቀን ሲጫወት አላየሁትም። ጌሙ ምን እንደሆነ፣ ሰውዬው ወዴት እንደሚሄድ ግድ አልነበረውም። እሱ የሚያውቀው ጆይስቲኩን ነው።

ጆይስቲክ ደግሞ አይበረክትም። ከየቁልፉ ሥር ጥቁር ነጥብ ያለበት ለስላሳ ጎማ አለ። ቁልፉ ሲጫን ነጥቡ ከታች ያለውን መስመር ይነካል፣ ሰውዬውም ይንቀሳቀሳል። የሰፈር ልጅ ሁሉ አውራ ጣት ሲወቅጠው ነጥቡ ያልቃል፤ ሰውዬው ዝለል ሲሉት አይዘልም፣ ጉድጓድ ይገባል። ያኔ ጩኸት ነው፣ የጥፋተኛ ፍለጋ ነው። ጋሽ ቶሎሳ ጆይስቲኩን ተቀብሎ ጆሮው ሥር ይይዝና ዓይኑን ጨፍኖ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ይጫናል። የታመመው የቱ እንደሆነ በድምፁ ያውቀዋል። ከዚያ በካቻቢቴ ይፈታዋል፣ ከሲጋራ ፓኮ ውስጥ የሚወጣውን ብርማ ወረቀት በምላጭ ምስር በምታህል ክብ ቆርጦ ጎማው ላይ ይለጥፋል። ሽሮ እስኪፈላ አይቆይም፣ ጆይስቲኩ ይሠራል።

ችግሩ ብርማ ወረቀቱ ነበር። የማያጨስ፣ የማይጠጣ ሰው ሲጋራ መግዛት አይችልም። ስለዚህ በጠዋት ይነሳና ጥግ ካለው ግሮሰሪ ፊት ለፊት ጎንበስ ብሎ ያደረ የሲጋራ ፓኮ ይለቅማል። ይህን ያየች አንዲት ሴት ወሬውን ይዛ ሄደች፤ ቶሎሳ ጌታን ትቶ ቁራጭ ለቃሚ ሆነ ተባለ። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ጠሩት። አልተከራከረም፤ የፈታውን ጆይስቲክ ይዞ ሄዶ ፊታቸው ጠረጴዛ ላይ ዘረገፈው አሉ። አንድ በአንድ አስረዳቸው፣ ካቻቢቴውንም ሰጥቶ አስሞከራቸው። ከዚያ በኋላ ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ሙሉ ልብስና ከረቫት የማይለየው ሰው፣ እሑድ እሑድ ከኮቱ የውስጥ ኪስ የተጣጠፈ ብርማ ወረቀት እያወጣ ሲሰጠው በዓይኔ አይቻለሁ። ከየት እንደሚያመጣው ማንም አልጠየቀውም።

እኔ የጠዋት ፈረቃ ተማሪ ነበርኩ። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ስንለቀቅ ደብተሬን እንደያዝኩ ጌም ቤት እገባለሁ፤ ቤታችን ከዚያ መቶ እርምጃ አይሆንም፣ ግን አልሄድም። እናቴ ቤት ውስጥ እየሞተች ነበር። ይህን ማንም በግልጽ አልነገረኝም። ሐኪሞቹ ቤቷ ትሁን ብለው ሲመልሷት፣ አክስቴ ከደብረ ብርሃን ሻንጣዋን ይዛ ስትመጣ፣ አባቴ ከሥራ ገብቶ ጫማውን ሳያወልቅ ወንበር ላይ ሲቀመጥ፣ ልጅ የሚያውቀውን ያህል አወቅኩ። ክፍሏ የመድኃኒትና የተቀቀለ ፍራፍሬ ሽታ ነበረው። የሚመጣው ሰው ሁሉ ጭንቅላቴን ዳብሶ በርቺ ይለኛል። በምን እንደምበረታ የነገረኝ የለም።

አዝኜ ነበር ብል ውሸት ነው። ያዘንኩ ብሆን አለቅስ ነበር፣ ባለቅስ ደግሞ ሰው ያቅፈኝ ነበር። እኔ ግን ብዙ ሰዓት ሲቀመጡበት እንደሚደነዝዝ እግር ሆኜ ነበር፤ አለ፣ ግን አይሰማም። እናቴ ትጠራኛለች፣ እገባለሁ፣ እጇን ትዘረጋለች፣ እጇ ቀጥኗል፤ ውሃ ልቅዳ ብዬ እወጣለሁ፣ አልመለስም። ከዚያ ክፍል የሚያርቀኝ ነገር ሁሉ ጥሩ ነበር።

ጌም ቤት ደንቡ በሰዓት አልነበረም፣ በነፍስ ነበር። አንድ ተራ ሦስት ነፍስ ነው፤ ሦስቱ እስኪያልቁ ጆይስቲኩ ያንተ ነው፣ ሲያልቁ ትለቃለህ። ብዙ ልጅ አምስት ደቂቃ አይቆይም። የምንጫወተው ጌም ላይ ቀይ ቁምጣው ሰውዬ ከሰማይ በጃንጥላ ሜዳ ላይ ይወርዳል፤ ወዲያው ጥቁር ወፎች ይመጡበታል። ሁሉም ነገር ያለው በቀኝ ነው፤ ድልድዩ፣ ጫካው፣ ዋሻው፣ ነጥቡ። ስለዚህ ልጅ ሁሉ እንደወረደ ወደ ቀኝ ይሮጣል። እኔ ግን አንድ ቀን ወደ ግራ ሄድኩ። ትንሽ እንደሄድኩ ያ ግራጫ ግንብ መጣ፣ ከዚያ በላይ መንገድ የለም። ግንቡ ሥር ስቆም ወፎቹ በላዬ ያልፋሉ፣ አይነኩኝም። እዚያ ነጥብ የለም፣ ሞትም የለም። ከሰባት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ሰውዬውን እዚያ አቁሜ ዝም ብዬ አየዋለሁ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሌሎቹ ልጆች ሲመጡ ነገር ይነሳል። በተለይ ሙሴ የሚባል አፈ ጮሌ ልጅ ነበር፤ ይህች ልጅ ትጫወታለች ወይስ ዘበኛ ተቀጠረች እያለ ያስቃቸው ነበር። ጋሽ ቶሎሳ ከጠረጴዛው ቀና ሳይል አልሞተችም፣ ነፍሷ አላለቀም፣ ደንቡ ደንብ ነው ይላቸዋል። አንድም ቀን ቤት ሂጂ አላለኝም። እናትሽ እንዴት ናት ብሎም አልጠየቀኝም። ለዚህ ነበር የምወደው። ከሰፈሩ ሰው ሁሉ በርቺ ያላለኝ እሱ ብቻ ነበር።

አንድ ሰኞ ቀን እንደወትሮው ገብቼ ተቀመጥኩ። ሰውዬው ወረደ፣ ግራውን ተጫንኩ፣ አልሄደም። ደግሜ ተጫንኩ፣ በጥፍሬም ተጫንኩ። ወፎቹ መጡ፣ ሞትኩ። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም እንደዚያው ሆነ። ማቆሚያ ቁልፉ ድሮ ስለሞተ ጌሙን ባለበት ማቆምም አይቻልም። ሦስት ነፍስ በሁለት ደቂቃ አለቀብኝ፣ ጆይስቲኩን ለጋሽ ቶሎሳ ሰጠሁት። ጆሮው ሥር አደረገው፣ ተጫነው። ከዚያ ዛሬ አልተቻለም አለኝ፣ ሳያየኝ።

ማክሰኞ ሄድኩ፣ ግራ አይሠራም። ረቡዕም አይሠራም። ሌላ ቁልፍ ሲበላሽ ወዲያው ይሠራል፣ ግራ ብቻ አይነካም። ለሌሎቹ ልጆች ምንም አልመሰላቸውም፤ ግራ ምን ያደርግላቸዋል፣ መንገዱ በቀኝ ነው። ሐሙስ ዕለት ሦስቱን ነፍስ ጨርሼ ስነሳ ጋሽ ቶሎሳ ሰዓቱ ገና ነው፣ ቤት ግቢ አለኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ። ያኔ ነው የተናገርኩት። ያን ቀን ቀደም ብለው የመጡት ልጆች ሁሉ እየሰሙ ነበር።

«እርስዎ መጠገን አይችሉም» አልኩት። «መልቀም ብቻ ነው የሚችሉት።»

ሙሴ እንኳ አልሳቀም። ጋሽ ቶሎሳ በጠቆረው ጥፍሩ የጠረጴዛውን ጠርዝ ትንሽ ፋቅ ፋቅ አደረገ፣ ከዚያ ካቻቢቴውን አንስቶ ወደ ሥራው ተመለሰ። እኔ ብርድ ልብሱን ገልጬ ወጣሁ። ሌላ የምሄድበት ቦታ አልነበረም፤ ትምህርት ቤቱ ለከሰዓት ፈረቃ ነው፣ መንገዱ ፀሐይ ነው። እንደ ሰኞው ሁሉ ቤት ገባሁ።

እናቴ ከዚያች ሰኞ በኋላ ሦስት ሳምንት ያህል ኖረች። ድንኳን ሲተከል ጋሽ ቶሎሳ መጥቶ ከበሩ አጠገብ ጫፍ ላይ ተቀመጠ፣ ረጅም እግሮቹን የሚያደርግበት አጥቶ። ሊያቅፈኝ ሲነሳ ፊቴን አዞርኩ። እጁ አየር ላይ ትንሽ ቆየና ወረደ። ጌም ቤቱን ዳግም አልረገጥኩትም። መንገድ ላይ ስንገናኝ ጤና ይስጥልኝ ከምትል በላይ ቃል አልጨመርኩም፤ እሱም ባርኔጣውን ነካ አድርጎ ያልፋል። ይህ እስከማድግ ድረስ ቀጠለ፣ ለመድነው።

ግራው ግን ሳይሠራ ቀረ። ከእኛ በኋላ የመጡት የገርጂ ልጆች በሙሉ ያንን ጌም ግራ የሌለው ጌም እንደሆነ አውቀው አደጉ። ከዓመታት በኋላ ሙሴን ሰርግ ላይ አግኝቼው፣ ትልቅ ሰው ሆኖ፣ ቦርጭ አውጥቶ፣ ሰውዬው ከወረደ መመለስ አይችልም፣ አሠራሩ ነው ብሎ ለሙሽራው ወንድም ሲምል ሰምቻለሁ። በግራ በኩል ግንብ እንዳለ ያወቅኩት እኔ ብቻ ነበርኩ፣ አልተናገርኩም። ጌም ቤቱም አዳዲሶቹ ማሽኖች ሲመጡ ሞተ። ሰፈሩ ለልማት ሲነሳ እነ ጋሽ ቶሎሳ ለሚ ኩራ ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው። ከሁለት ዓመት በፊት አባቴ ደውሎ ቶሎሳ አረፈ አለኝ። ነፍስ ይማር አልኩና ወደ ጀመርኩት ደብዳቤ ተመለስኩ። ለቅሶ አልሄድኩም፤ ሥራ ነበረብኝ ብል ያምኑኝ ነበር፣ ግን ያን ቀን ሥራ አልነበረብኝም።

ናቲ ዓይኔን ከስክሪኑ እንዳልነቀልኩ አይቶ ኦሪጅናሉ የት እንደሚገኝ ታውቂያለሽ ብሎ ሲይዘኝ ስለነዚህ ሁሉ አልነገርኩትም። አንዲት ሴት ዘንድ ሊኖር ይችላል አልኩት። ለእሱ ብዬ የምሄድ አስመስዬ ቅዳሜ ከጉርድ ሾላ በሚኒባስ ተሳፈርኩ። ለሚ ኩራ ያልተለሰነ ብሎክና የተቆለለ አሸዋ ነው። ሕንፃውን ለማግኘት ሦስት ሰው ጠየቅኩ። የጋሽ ቶሎሳ ባለቤት እትዬ አስቴር በሩን ስትከፍትልኝ ገና ስሜን ሳልናገር የዘነበች ልጅ ብላ በእናቴ ስም ጠራችኝ። ጉልበቷን ስለሚያማት ግድግዳውን ይዛ ነው የምትሄደው። አስቀመጠችኝ፣ ሻይ አፈላች፣ ስለ አባቴ ጤና ጠየቀች። ለቅሶ ስላለመምጣቴ ምንም አላለችም። ስለ ጌሙ ሳነሳ አልጋ ሥር ያለ ካርቶን እንዳወጣ በእጇ ጠቆመችኝ።

ማሽኑ የለም፣ ቴሌቪዥኑም የለም፣ ከገርጂ ሲነሱ ለቆራሌው ሄደዋል። ካርቶኑ ውስጥ የሬዲዮ ዕቃዎች፣ ካውያውና አንድ ጆይስቲክ ብቻ ነበር፣ ገመዱ ተጠቅልሎ በክር የታሰረ። ያንን ብቻ አልጥልም እንዳለ ነገረችኝ። አገላበጥኩት። ሳላስበው አውራ ጣቴ ግራው ላይ አረፈ። ተጫንኩት፤ ድምፁ ከሌሎቹ ይለያል፣ ድፍን ያለ ነው።

ካቻቢቴውን አነሳሁና ፈታሁት። በሌሎቹ ቁልፎች ሥር ብርማው ወረቀት ነበር፣ በጊዜ ብዛት ቡናማ ሆኗል፣ ግን ክቡ ዛሬም ንጹሕ ነው። በግራው ሥር ብርማ ወረቀት የለም። መስመሩ ላይ የቁስል ፕላስተር ተለጥፏል። የሸሚዝ ቁልፍ በሚያህል ክብ፣ ጠርዙ በመቀስ በጥንቃቄ የተስተካከለ። ጎማው ጤነኛ ነበር፣ ነጥቡም አላለቀም። ያ ቁልፍ አንድም ቀን ተበላሽቶ አያውቅም።

እትዬ አስቴርን ቀና ብዬ አየኋት። ሻይዋን አስቀመጠች።

«እናትሽ በእኔ በኩል አስጠራችው» አለች። «ሄደ። እኔም አብሬው ነበርኩ። ‹ልጄ እንዳትባረርብኝ› አለችው፤ ‹ከተባረረች መንገድ ነው የምትውለው። ግን ላክልኝ። ራሷ እንደመጣች ሆና ትምጣ፣ እኔ እንዳልኩ አይነገራት።› እንዲህ ነው ያለችው። ሁለት ቀን ምግብ አልቀመሰም። በዕድሜው ዕቃ ሲያበላሽ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ከእኔ ፕላስተር ወስዶ እዚያው አጠገቤ ቁጭ ብሎ ቆረጠው።»

ከለቅሶው በኋላ ሊያነሳው ፈልጎ እንደነበር ነገረችኝ። ግን ድንገት ብመጣና ሲሠራ ባገኘው አውቅበታለሁ ብሎ ፈራ። ስለዚህ እኔ እስክመጣ ብሎ ተወው፣ እኔም አልመጣሁም፣ ልጆቹም ያለ ግራ ለመዱት። ሐሙስ ዕለት ያልኩትን ነገር ታውቅ እንደሆነ ጠየቅኳት።

«ነግሮኛል» አለች። «ስቆ ነው የነገረኝ ብልሽ ደስ ይልሽ ነበር። አልሳቀም።»

የማለቅስ መስሎኝ ጠበቅኩ። እሷም የጠበቀች ይመስለኛል፣ ፎጣ ወዳለበት ዞር ብላ ነበር። አልመጣልኝም። ያ የድሮው መደንዘዝ ነበር፣ ያው እግር፤ የዚያን ያህል ዓመት አብሮኝ ሲዞር እንደኖረ ያኔ ገባኝ። ይቅር ይበሉኝ ልበል ብል እንኳ የምለው ሰው የለም። የተፈታውን ጆይስቲክ መልሼ ገጠምኩት፣ ፕላስተሩን ሳልነካ። ይዘሽው ሂጂ አለችኝ፣ ፌስታል ሰጠችኝ፣ እስከ ደረጃው ድረስ ግድግዳውን ይዛ ሸኘችኝ።

ሰኞ ናቲ እንደ ታቦት በሁለት እጁ ተቀበለኝ። ፈታው፣ ብርማ ወረቀቱን አይቶ ተገረመ፣ እንዲህ ያለ ሥራ አይቶ እንደማያውቅ ነገረኝ። ፕላስተሩ ጋ ሲደርስ በትንሽ አልኮል በአንድ ደቂቃ እንደሚነሳ፣ ከሥሩ ያለው መስመር ደህና እንደሆነ፣ ግራው እንደ አዲስ እንደሚሠራ አስረዳኝ። ተወው አልኩት። ግን ግራ ከሌለው እንዴት ይጫወቱበታል አለኝ። እንደማይጫወቱበት ነገርኩትና ተቀብዬው መሳቢያዬ ውስጥ ከተትኩት።

ያችን ሰኞ፣ ከጌም ቤት በሦስት ነፍስ ተባርሬ ቤት የገባሁባትን፣ ከዚያ ወዲህ ደጋግሜ አስባታለሁ። እናቴ በሩ ሲከፈት ቀና አለች። ዛሬ ቶሎ መጣሽ አለችኝ። ተናድጄ ስለነበር ውሃ ልቅዳ ማለት ረሳሁ፣ አልጋዋ ጫፍ ላይ ደብተሬን ወርውሬ ጋሽ ቶሎሳ ጆይስቲኩን አበላሸው፣ ግራው አይሄድም፣ አልጠግንም አለ ብዬ ከሰስኩት። እሷ ዓይኗን ጨፈነች። ፊቷ ላይ ከታመመች ጀምሮ ያላየሁት ነገር መጣ፤ መድኃኒቱ ነው ብዬ ነበር ያን ጊዜ።

«ቶሎሳ ጎበዝ ሰው ነው» አለች።

እንዳልገባት መሰለኝ። ልደግምላት ስጀምር እጇን ብርድ ልብሱ ላይ አድርጋ ገፋ ገፋ እያለች፣ በጣም እየከበዳት፣ ወደ ዳር ተጠጋች። አጠገቧ ለአንድ ልጅ የሚሆን ቦታ ተለቀቀ። ጫማሽን አውልቂ አለችኝ። አወለቅኩና ገባሁ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት እንኳ አልሞላም ነበር፤ እስኪመሽ ገና ብዙ ሰዓት ነበረን።